ለቁጣ ዋስ

«ለቀቀው እንላለን። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃል?» ሲል ሰማሁት ምሥጋናውን፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መደቤ ላይ ተቀምጦ። እኔ ከኪዳን ተመልሼ ደጃፉ ላይ የጫማዬን አቧራ እያራገፍኩ ነበር። ምሥጋናው የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለልጅ ልጄ ለየአብስራ ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሚሄደው እሱ ነው። አጠገቡ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ጎረቤታችን፣ እንደ ወትሮው ራሱን ይነቀንቃል። «ጠበል ገባ፣ ጮኸ፣ ያ ክፉ መንፈስ ለቀቀው። ቁጣው የራሱ አልነበረም፤ ወጣ፣ አለቀ። እትዬ ይማርሽ ደግሞ በዓይኔ አየሁ ይላሉ። አሮጊት ስትመሰክር አያ ውዱ ምን አፍ አለው?» እኔ በዓይኔ ያየሁት ነገር የለም። የአብስራም ለዚህ ነገር ጠበል ገብቶ አያውቅም። ግን ገብቼ «ይሄ ምን ዓይነት ውሸት ነው?» አላልኩም። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ገባሁ፤ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ፤ ምሥጋናው ያንኑ ነገር ለኔ በትሕትና ደገመልኝ፤ እኔም «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩ። ይሄ መልስ እሺ ማለት እንደሆነ እኔም እነሱም እናውቃለን።

ማኅሌት፣ የአያ ውዱ ልጅ፣ ልጄን ትወደዋለች፤ እሱም ይወዳታል፤ ይሄን የማያውቅ ላሊበላ ውስጥ የለም። አያ ውዱ ግን በመጀመሪያው ልመና «የየኔሰው ልጅ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው። የኔሰው የኔ ልጅ ነው፤ የአብስራ አባት። በእርሻ ድንበር ተጣልቶ በዱላ የሰው ዓይን አጠፋ፤ ታሰረ፤ እዚያው እስር ቤት ታሞ ሞተብኝ። የአብስራም ባጃጅ መንዳት በጀመረ ሰሞን በወረፋ ተጣልቶ አባስ የሚባል ሾፌር እጅ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በሰው ላይ እጁን አላነሣም፤ አገሩ ግን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ቋጥሮ «ደሙ ነው» ይላል። በሁለተኛው ልመና አያ ውዱ አንድ እንግዳ ነገር ላከ። ወትሮ ልጅ ሲጠየቅ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይቀርብም፤ እሱ ግን «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ልጁንም ያሳደገችውንም ይዛችሁ ኑ፤ ዓይኑን እያየሁ እጠይቀዋለሁ» አለ። ዛሬ ያ ቅዳሜ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እኔ ቤቱ ጠበበኝ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ሰውና አህያ ነው፤ ሾፌር ከሾፌር የሚጣላው በዚህ ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ ሰው ቢሰድበው፣ አንድ ሰው ባጃጁን ቢገጭበትስ? ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ የአብስራ ባጃጁን ሊያስነሣ ሲል ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። «እምዬ፣ ወዴት ነሽ?» አለኝ። «የትም። አብሬህ ልዋል» አልኩት። አየኝ፤ ነገሩ ገባው፤ ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ሰብሰብ አድርጎ ሳቀ። «አንድ ወንበር ያዝሽብኝ ማለት እኮ ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?» «ስንት ገባ?» «አትጠይቂ፣ ትታመሚያለሽ።» ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ እውነትም ታመምኩ። ያም ሆኖ አልወረድኩም። እኔ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ስሌት አያቅተኝም፤ ግን የአንድ ቀን ኪሳራ ከአንድ ቀን ጠብ ይሻላል ብዬ በልቤ ደምድሜያለሁ።

እንዲህ ሆነን ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መናኸሪያ ስንመላለስ ረፈደ። የገባው ሁሉ ይቀልድብኝ ነበር። አንዲት ሽንኩርት የጫነች ሴት «እማማ፣ ረዳት ሆኑ እንዴ? ሒሳብ ለእርስዎ ነው የምሰጠው?» ብላ አሳቀቻቸው። አንድ ዲያቆን ደግሞ አጠገቤ ተጨናንቆ ተቀምጦ የገና እንግዳ ዘንድሮ ይመጣ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ የአውሮፕላን ጣቢያው ኃላፊ የሆንኩ ይመስል። እኔ ጨዋታውን ባፌ እመልሳለሁ እንጂ ዓይኔ ከልጄ ጀርባ አይነቀልም። ትከሻው ከፍ ሲል ልቤ አብሮ ከፍ ይላል። የኔሰውም ሲቆጣ መጀመሪያ ትከሻው ነበር የሚነሣው። ልጅ ሆኖ፣ ገና ሱሪ ሳይታጠቅ፣ ትከሻውን አይቼ እሮጥና እጁን እይዝ ነበር። ይሄንንም ያሳደግሁት እጁን እየያዝኩ ነው።

ጠቡ የመጣው በበግ ነው። አንድ ከገጠር የመጣ ጎልማሳ ገበያው በር ላይ ትልቅ ሙክት ይዞ ገባ፤ በጉን በእኔና ሽንኩርት በጫነች ሌላ ሴት እግር ሥር ገፍቶ አስተኛው። ቀንዱ ጉልበቴን እየወጋኝ ዳገቱን ጀመርን። መሃል ላይ የአብስራ «የበጉ ሃያ ብር አለ፣ ወንድሜ» አለ። ሰውዬው ጮኸ። «በግ ወንበር ይዟል? እግር ሥር አይደለም የተኛው? ለጫማዬስ አታስከፍለኝም?» ሴትዮዋ ሳቀች። የአብስራ ረጋ ብሎ የሁሉም ዋጋ አንድ እንደሆነ ነገረው። ሰውዬው አልተወም፤ ድምፁን ከፍ እያደረገ መጣ፣ የከተማ ሰው ሌባ ነው አለ፣ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያው ነው አለ፣ በመጨረሻ ፊቱን ወደ ፊት አስጠግቶ «አንተን አውቅሃለሁ። ያ የዓይን አውጪው ልጅ አይደለህ? ዘር አይለቅም!» አለ። ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። የልጄ ትከሻ ተነሣ። እኔ ሳላስበው ተንጠራርቼ ሸሚዙን ከኋላ ጨመደድኩ።

ባጃጁን ጥግ አስይዞ አቆመ። ቀስ ብሎ ጣቶቼን ከሸሚዙ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀ፤ ወረደ፤ ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ሥር አደረገ፤ ከመቀመጫው ሥር ጨርቅ አወጣና የፊቱን መስታወት መወልወል ጀመረ። መስታወቱ ንጹሕ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይወለውላል። ከመስታወቱ ማዶ ፊቱን አየሁት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ እኛን አያየንም። ባለበጉ ሰውዬ ግራ ገብቶት «ምን ሆነ? ምን እያደረገ ነው?» አለኝ። ሴትዮዋ ቀደመችኝ። «አንተ ስትሰድበው መስታወት ይጠርጋል። ከተማው ውስጥ እንደዚህ የጸዳ መስታወት ያለው ባጃጅ አታገኝም። ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ያለዚያ እስከ ማታ ሲወለውል ነው የሚያመሸው!» በጉ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ የአብስራ ጨርቁን አጣጠፈ፤ ድንጋዩን አነሣ፤ ገባ። የከንፈሩ ቀለም ተመልሷል። ወደ ኋላ ዞረና ለሰውዬው በደህና ድምፅ «የበጉ ሃያ ብር ነው» አለው። ሰውዬው ከፈለ።

ምሳ የበላነው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ ግድግዳዋ በላስቲክ የተለበጠ። ሽሮ መቶ ሃያ ብር መሆኑን ስሰማ «ሽሮ! መቶ ሃያ!» ብዬ ጮኽኩ። አሳላፊዋ ምንም ሳይመስላት «እማማ፣ ዘይቱን ይዘው ይምጡ፣ በስልሳ እሠራልዎታለሁ» አለችኝ። የአብስራ እስኪታነቅ ሳቀ። ሲስቅ ሳየው፣ አሁን ነው የምነግረው ብዬ የምሥጋናውን ነገር አነሣሁ። ጠበል ገብቼ ለቀቀኝ በል፤ እኔም አይቻለሁ እላለሁ፤ አንዲት ቃል ናት፤ ማኅሌትን ታገኛለህ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅህም አልኩት። እንጀራውን ቆርሶ ወጡን ሳይነካ ያዘው።

«አልልም፣ እምዬ። ያልተጠመቅሁትን ተጠመቅሁ አልልም» አለ። «ጠበሉን አቃልዬ አይደለም። ነገ የታመምኩ እንደሁ ቀድሜ የምሮጠው ወደዚያው ነው። ይሄ ግን እኔ ነኝ።»

ሰው እንዳይሰማ ወደሱ ጎንበስ ብዬ ለመንኩት። አንዲት ቃል ለምን ትከብድሃለች አልኩት። እሱም እንደዚያ ቀን ረጅም ነገር ተናግሮኝ አያውቅም። እንዲህ አለኝ፤ ለቀቀኝ ካልኩ፣ ነገ ከማኅሌት ጋር ስኖር ቁጣው ሲመጣብኝ ምን ልላት ነው? ያ ነገር ተመለሰ ልላት ነው? የመታሁሽ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ልላት ነው? የመታው እኔ ካልሆንኩ የሚያቆመውም እኔ አይደለሁም ማለት ነው። አባቴም ሰክሬ ነው አለ፣ አስቆጥተውኝ ነው አለ፣ ደሜ ነው አለ፤ አንድም ቀን እኔ ነኝ አላለም አለኝ። የኔሰው ሲነሣ የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ አኖርኩት። አሳላፊዋ ውኃ አምጥታ ሁለታችንንም አይታ ሄደች።

ቆይቶ እንዴት እንደተማረው ነገረኝ። እኔ እኮ መስታወቱን ብቻ ነበር የማውቀው። መጀመሪያ ሲቆጣ ቤት ገብቶ መተኛት ሞክሮ ነበር፤ ያኔ እኔ የታመመ መስሎኝ አብሽ ሳፈላለት፣ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ቁጣው ያድግበት ነበር። ምላሱን መንከስ ሞከረ፤ ደማ። ዳዊት መድገም ሞከረ፤ አንዳንዴ ረዳው፣ አንዳንዴ ግን ቶሎ ጨርሶ ለመምታት የሚሮጥ መሰለው። በመጨረሻ የት ሄደ መሰላችሁ? አባስ ዘንድ። እጁን የሰበረው ሰውዬ ቤት። ይቅርታው በሽማግሌ ካለቀ ከቆየ በኋላ ብቻውን ሄዶ «ልመታህ ስል ፊቴ ምን ይመስል ነበር? ምን አየህ?» ብሎ ጠየቀው። አባስም መጀመሪያ ያበደ መስሎት ነበር፤ ኋላ «ከንፈርህ ነጣ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጆሮህ ቀላ፤ እኔ እንደውም ልስቅብህ ነበር» አለው። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬን እጠብቃለሁ» አለኝ የአብስራ። «ጆሮዬ ሲሞቅ እጄ ገና አልሰማም። በመሃል ትንሽ ጊዜ አለች፣ እምዬ። መጀመሪያ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነበረች። አሁን ወርጄ ድንጋይ ከጎማ ሥር እስካደርግ ድረስ ትጠብቀኛለች። ጨርቁ ምንም አይደለም፤ ሌላ ነገርም ይሆናል። ጊዜዋን ነው ያሰፋኋት።» ከዚያም፣ እንዳይከፋኝ ብሎ እጄን እየዳሰሰ፣ «ስትይዥኝ ይብስብኛል» አለኝ። «ሰው ከያዘኝ እኔ ራሴን መያዝ እተዋለሁ። ዛሬ አትያዢኝ።»

እሺ አላልኩትም። ወደ ቤት ስንመለስ የከፋኝ መሰለኝ፤ ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁበት መንገድ ጥፋት ነበር እንዴ አልኩ። ፊቱን ታጥቦ ነጭ ሸሚዙን ሲለብስ ኮሌታውን ላስተካክልለት ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ራሱ አስተካከለው። ከዚያ ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ጃኬት ያዝ አልኩት፤ እሱን እንኳ እምቢ አላለም።

አያ ውዱ ድሮ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የምግብ ቤት ኃላፊ ነበረ፤ እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ተዘጋ፤ ሳሎኑን የሞሉት ወንበሮች ከዚያ የገዛቸው ናቸው፤ ጀርባቸው ረጅም፣ ጨርቃቸው ቀይ፣ ለቤቱ በጣም የበዙ። ያን ሁሉ ባዶ ወንበር እያየን ቆመን ቀረን፤ ልመና የመጣ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ምሥጋናው መሃል፣ ጎረቤታችን በቀኙ፣ የአብስራ በግራው፣ እኔ ከኋላው። አያ ውዱ ጋቢውን አደግድጎ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ሚስቱ ሰብሌ ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ላይ፣ ከኋላዋ ደግሞ የማኅሌት ነጠላ ጫፍ ይታያል። ሰብሌ ለእኔ ብቻ በዓይኗ ወንበር ጠቆመችኝ፤ ጉልበቴ እየፈለገ እምቢ አልኩ።

ምሥጋናው አመሰገነ፣ መረቀ፣ ዘር ቆጠረ፤ ወደ ነገሩ ሲመጣ ድምፁ እንደ ቅባት ለሰለሰ። ልጁ ድሮ የሚነካካው ነገር እንደነበር፣ ጠበል ገብቶ እንደለቀቀው፣ ያሳደጉት እናት እዚሁ ቆመው እንደሚመሰክሩ ተናገረ። ጎረቤታችን ራሱን ነቀነቀ። አያ ውዱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጄን አየ። «እውነት ነው? ለቅቆሃል?» አለው።

«አልለቀቀኝም፣ አያ ውዱ» አለ የአብስራ። ምሥጋናው ዞሮ አየው፤ ዓይኑ ቢችል ኖሮ ያፉን በር ይዘጋ ነበር። «ጠበልም አልገባሁም። አጎቴ ለኔ አዝኖ ነው ይህን ያለው። ቁጣው አለ። ይመጣል። ስላለ ነው የምጠብቀው። የሰው እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያልሰበርኩትም እኔው ነኝ።»

አያ ውዱ ፊቱ ጨለመ፤ የተታለለ መሰለው። «ታዲያ ሽማግሌ ልካችሁ የምትዋሹኝ ምን ቆርጧችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ። ድምፁ እየጨመረ መጣ፤ እኛን ትቶ ወደ ልጄ ተጠጋ፤ ጣቱን ፊቱ ላይ ቀሰረ። «እኔ ልጄን ለዱላ አላሳደግኋትም! አባትህ የሰው ዓይን አፍስሶ እንደ ውሻ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ እናት አላለቀሰችለት፣ አገር አልቀበረው! አንተም ያው ነህ!»

እንደ ውሻ አለው። የኔሰውን። እናቱ እዚህ ቆሜ። አላለቀሰችለትም አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆንኩ፤ ጆሮዬ ሞቀ። የኔ፣ የአሮጊቷ ጆሮ፣ ከነጠላዬ ሥር እንደ ፍም ሞቀ። አጠገቤ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ እጄን እንዳሳረፍኩ አየሁ፤ ወንበሩ ቀላል ነበር። ልጄ የነገረኝ ጊዜ፣ ያቺ ትንሽዋ፣ እዚያው ነበረች፤ ባይነግረኝ ኖሮ አላያትም ነበር። እጄን ከወንበሩ አነሣሁ። የአብስራን ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ነጥቷል፤ ትከሻው ተነሥቷል፤ ምሥጋናው ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ «ተወው!» አልኩት፤ ያ ድምፅ የኔ መሆኑን እኔም ተጠራጠርኩ። ምሥጋናው እጁ አየር ላይ ቀረ። የአብስራ ዞረና በኔ አጠገብ አልፎ ወደ ግቢ ወጣ።

ጎረቤታችን በመስኮቱ ወደ ግቢው አንገቱን አስግጎ «ዱላ ሊያመጣ ነው» ብሎ ተንሾካሸከ። አያ ውዱም ይህን ሰምቶ በሩን ተመለከተ፤ ደፍሮ አልዘጋውም። ከውጭ የበርሜሉ ክዳን ሲነሣ፣ ውኃ ሲቀዳ ሰማን። እኔ እግሬ ሮጦ ሊሄድ ይፈልግ ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት የሮጠ እግር ነው፤ አቆምኩት። ቁጣን ማቆምና ፍርሃትን ማቆም አንድ ዓይነት ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ሁለቱም ላብ ያስወጣሉ።

የአብስራ ተመለሰ። ፊቱ እርጥብ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ረጥቧል። እዚያው የነበረበት ቦታ ቆመ። «ተቆጣሁ፣ አያ ውዱ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ» አለ። «ቁጣዬ ይሄው ነው፤ ያሳየሁዎት ነው፤ ሌላ የደበቅሁት የለም። አባቴን ግን እምዬ አልቅሳለታለች። እኔ ነበርኩ እንባዋን የማብሰው።»

አያ ውዱ ወዲያ ወዲህ አለ። ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ ወደ ሕጉ ሄደ። «ጥሩ። ይህን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ማን ዋስ ይሆናል?» አለ። ዋስ ማለት ቀልድ አይደለም፤ ሰው ፊት ጣት አንሥተው የሚገቡበት ነው፤ ነገ ልጁ እጁን ቢያነሣ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ የሚያፍረውም፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። ምሥጋናውን አየነው። ምሥጋናው የጣሪያውን ኮርኒስ አየ። ጎረቤታችን ያን ጊዜ ብቻ ራሱን መነቅነቅ ተወ።

«እኔ እሆናለሁ» አልኩ።

«እርስዎ?» አለ አያ ውዱ። «እማማ ይማርሽ፣ ሴት ዋስ ስትሆን የት ታይቶ ያውቃል? ደግሞስ ዕድሜዎ...»

«እስክሞት እኔ፤ ከዚያ በኋላ እሱ ለራሱ» አልኩት። «ቤቴን አስያዝኩ። ያለኝ እሷ ናት።»

«ያምኑታል ማለት ነው?»

«እፈራለሁ» አልኩት። ልዋሸው አልቻልኩም፤ ልጁ ያን ሁሉ እውነት ተናግሮ እኔ እንዴት ልዋሽ? «ሌት ተቀን እፈራለሁ። ፍርሃቱ አይለቀኝም፤ ጠበልም ብገባ የሚለቀኝ አይመስለኝም። እየፈራሁ ነው ዋስ የምሆነው። እሱ እየተቆጣ እጁን ከሰበሰበ እኔ እየፈራሁ መቆም ያቅተኛል?»

አያ ውዱ ሳቅ ሊል ዳድቶት ተወው። «የሴት ዋስ አልቀበልም» አለ፤ ድምፁ ግን እንደቅድሙ አልነበረም። ያን ጊዜ ሰብሌ ከጓዳው በር ላይ ተናገረች። ሰብሌ ሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረቤት ሆነን ይሄን ያህል ዘመን፣ ደህና አደራችሁ ከማለት ሌላ ቃል አላወጣችም። «እኔን ሲሰጡኝ ማን ዋስ ጠየቀልኝ?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ለመስማት ሁላችንም አንገታችንን ወደ እሷ አዘነበልን። «አንተ ያን ጊዜ ጨዋ ዘር ነው ተብለህ ነበር፣ ውዱ። ዋስ አያስፈልገውም ተባለ። የወረወርክብኝን ብርጭቆ ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ በነጠላ ነው የምሸፍነው።» ግንባሯን አልነካችም። መንካት አያስፈልጋትም ነበር፤ ሁላችንም አየን። ማኅሌት ከኋላዋ ወጥታ አጠገቧ ቆመች።

እኔ ያየሁት የአያ ውዱን ጆሮ ነው። ሽበቱ መሃል ቀልቶ ወጣ። እጁ ጋቢው ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምሥጋናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ማኅሌት ግን አልሸሸችም፤ የእናቷንም ክንድ አልያዘችም፤ አባቷን ብቻ ተመለከተች። አያ ውዱ በመካከላችን ሰንጥቆ፣ በዚያ ሁሉ ቀይ ወንበር መሃል አልፎ፣ ወደ ግቢ ወጣ።

ቆየ። በጣም ቆየ። ምሥጋናው «እንሂድ፤ ነገሩ ተበላሽቷል» አለኝ በሹክሹክታ። ሰብሌ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ከግቢው አይነሣም። የአብስራ ወደ እሷ ዞር ብሎ «ይመለሳሉ» አላት። «የመጀመሪያው ቀን ይቆያል።»

ተመለሰ። ፊቱን አልታጠበም፤ የት እንደቆመ፣ ምን እንዳየ አላወቅንም፤ የጋቢው ጫፍ አፈር ነክቷል። ሰብሌን ቀና ብሎ አላያትም፣ ግን ከሷ ፊት ቆመ፤ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሠርጉ ጥር ይሁን» አለ። «ዋስነትዎን ተቀብያለሁ። ጣትዎን ያንሡ።»

ጣቴን አነሣሁ። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ ከፍ አድርጌ ያዝኩት።